ከቃለ ጉባኤው የቀረ

የኔ ሥራ መጻፍ ነው፦ ማን ምን እንደተናገረ፣
ማን አርፍዶ እንደገባ፣ ማን ሳይፈቀድለት እንደቀረ፣
ማን ስንት ጊዜ እጁን እንዳነሣ፣
ማን በተረት ጀምሮ መደምደሚያውን እንደረሳ።

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሐዋሳ፣ ከአዳራሹ ግራ ማዕዘን፣
ሦስት አፈ ጉባኤ ጻፍሁ፤ ሁለቱን በቀለም፣ አንዱን በሐዘን።
ሁለቱ መዶሻ ይወዱ ነበር፤ ጠረጴዛው ይመሰክራል፤
ከማይክራፎኑ በስተቀኝ ጠባሳው ዛሬም ይቆጠራል።
ሦስተኛው አቶ ሌዳሞ፣ አለታ ወንዶ መምህር ሳሉ
የመኪና ቸርኬ ከዋንዛ ሰቅለው ነበር ደወል የሚደውሉ።
«ሲበዛ» አሉኝ «ልጁ ይለምደዋል፤
አንዴ ቀስ ብለህ ስትነካው ግን ‹ምን ነካው?› ብሎ ያዳምጠዋል።»

አፈ ጉባኤ። ቃሉን አስቡት። አፍ ነው፣ የራሱ ያልሆነ፤
የመቶ ሠላሳ ሰው ምላስ በአንድ ከንፈር የተከደነ።
አፍ አለው፣ ድምፅ ግን የለውም፤ ድምፁ የዚያ የተቀመጠው፣
«የምትደግፉ? የምትቃወሙ?» ማለት ብቻ ነው ለእሱ የተሰጠው።

«ድሮስ?» አልኋቸው በሻይ ዕረፍት፤ መስኮቱ ለሐይቁ ተከፍቶ፣
ከአጥሩ ላይ አንድ አባ ኮዳ አንገቱን ካፖርቱ ውስጥ አስገብቶ፣
እንደ ጡረተኛ እንደራሴ የአሣ ራስ እየጠበቀ፤
ሳቁና ጀመሩ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ታሪኩ ግን ዘለቀ።

«በሩቅ አገር፣ ጥንት፣ የተመረጠው ይደበቅ ነበር፤
ሁለት ሰው በብብቱ ይዞ ጎትቶ ያስቀምጠዋል ከወንበር።
መልእክት ለንጉሥ ማድረስ የሱ ነውና፤ ንጉሥ ከከፋው
የላከው ሳይሆን ያደረሰው ነው አንገቱ የጠፋው።
እኛም ዘንድ አፈ ንጉሥ ነበረ፣ ንጉሥ ዝም ሲል የሚናገር፤
ልብ በል፣ ያኛው ቃል ከላይ ወደ ታች ነው የሚያሻግር፤
ይኼኛው ከታች ወደ ላይ።
አባቴ ደግሞ ሶንጎ ላይ፣ ከሾላው ሥር ሲቀመጥ፣
መጨረሻ ነበር የሚናገር፤ ቀድሞ ቃል አይሰጥ።
የሚመራው ከቀደመ ሌላው የሱን ቃል ይደግማል፤
ከዘገየ ግን የሰማውን ያስማማል።»

አንድ መጋቢት፣ ማክሰኞ፣ የሐይቁ ዳር መሬት ቀረበ፤
ግማሹ ለሆቴል፣ ግማሹ ለመረብ ማስጫ አሰበ።
እጅ ተቆጠረ። ስድሳ አራት። እንደገና። ስድሳ አራት።
አንድ ድምፀ ተአቅቦ። የጣሪያው ማራገቢያ ብቻ ይናገር ነበር በዚያ ሰዓት።
ድምፅ የሌለው አፍ፣ ይላል ደንቡ፣ እኩል ሲሆን ድምፅ አለው።
(የሳቸው ልጅ፣ አዳራሹ ያውቃል፣ ድንጋይ የሚጭን ሲኖትራክ አለው፤
የእህታቸው ባል ደግሞ ታንኳ።)
አራት ደቂቃ ዝም አሉ። ሰዓቴን አየሁ። ያን አልጻፍሁም፤
ዝምታ የሚሰፍርበት ዓምድ ቅጻችን ላይ የለም።
«እናንተ ያልወሰናችሁትን» አሉ በመጨረሻ «እኔ አልወስንም፤
ድምፄ ‹ይቆይ› ነው። ሂዱ፣ እንደገና ተነጋገሩ።»
አኮረፈ የሆቴሉ ወገን፤ የመረቦቹም ‹ይቆይ› መባሉን እንደ ስድብ ቆጠሩ።

በዓመቱ ተራው የሳቸው ሆነ። ምክትሉ ታሞ ነበርና፣
የገዛ ሽረታቸውን ራሳቸው አቀረቡ፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ቀና
ብለው፦ «አፈ ጉባኤው እንዲነሣ የምትደግፉ?»
የሆቴሉም እጅ ወጣ፣ የመረቡም። ቆጠሩ፤ ከእኔ ጋር አመሳከሩ፤ አንድ እጅ
ከኋላ ዘለው ነበር፣ ለሱም ተመልሰው ቆጠሩና አረፉ።
«ሰባ ሦስት። ጸድቋል።» መዶሻዋን አንዴ፣ ቀስ፣
እንደ ቸርኬው። ከዚያ ወረዱ፣ ወንበሩ ሳይንቀሳቀስ።

አሁን አሞራ ገደል አገኛቸዋለሁ፣ ማለዳ፣ ታንኳ ሲደርስ፣
ገዢና አሥጋሪ በቆሮሶ ዋጋ ሲተራመስ፤
በመሀል ይቆማሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው።
ማንም አልመረጣቸው።
«ተራ በተራ» ይላሉ። ሌላ ቃል የላቸው።
እኔም እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሴን እዳብሳለሁ።